በፈውስና በልሳን መካከል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 የጥንቷን ቆሮንቶስ ፍርስራሽ ይቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ከቴአትሩ አጠገብ ባለ የድንጋይ ንጣፍ ላይ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አገኙ። ኤርስጦስ የተባለ ሰው ለተሰጠው የከተማ ሹመት ምላሽ ቦታውን በራሱ ገንዘብ ማስነጠፉን ይናገራል። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ላይ የሚጠቅሰው የከተማው ባለሥልጣን ኤርስጦስ እሱ ይሁን ሌላ ሰው፣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ለከተማው ሕዝብ ስጦታ ሰጠ፤ ስጦታውም የሚጠቅም ነበር። ነገር ግን የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ሰጪውን እንዲያውቅለት ስሙን በትልልቅ ፊደል በድንጋዩ ላይ አስቀረጸ።

ቆሮንቶስ እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንግዳ የማይሆንባት ከተማ ነበረች። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 አፈራረሷት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ዩልዮስ ቄሳር በ44 እንደ አዲስ ቆረቆራት። መጀመሪያ ከሰፈሩባት ብዙዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ወደብ ስለነበራት ገንዘብ ይገባባታል፤ ገንዘብ ያገኘ ሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚፈልገው ክብር ነው። አባቱ በጌታው ስም ሲጠራ የኖረ ሰው የራሱን ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ ለማየት ቢጓጓ አልፈርድበትም። ችግሩ የመጣው ይኸው ጉጉት ተጠምቆ ቤተ ክርስቲያን የገባ ጊዜ ነው።

ጳውሎስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ55 አካባቢ ከኤፌሶን የጻፈላቸው የመጀመሪያው መልእክት ይህን ጉጉት ፊት ለፊት ይገጥማል። ጸጋ የላችሁም አላላቸውም። ገና በመግቢያው ከስጦታ አንድም እንዳልጎደለባቸው መስክሮ ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ሕመማቸው ጸጋ በማጣት የመጣ ሳይሆን በጸጋ መካከል የበቀለ ነበር። በልሳን የሚናገረው በማይናገረው ላይ ይኮራል፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ ሲል ሌላው የአጵሎስ ነኝ ይላል። ስለ መንፈሳዊ ስጦታ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ ይገልጣል፤ ስለ ፍቅር የሚፈልግ አሥራ ሦስተኛውን። እኔ ግን አሥራ አንደኛውን ሳያነቡ ወደ እነዚያ መዝለል አይገባም እላለሁ። እዚያ ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ማዕድ ነው። ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያለው ሰው የራሱን ቀድሞ በልቶ፣ ጠጥቶ ይሰክራል፤ የሌለው ተርቦ ይመለሳል። ሐዋርያው ስለ ትንቢትና ስለ ልሳን ስጦታ ማስተማር ሳይጀምር ይህን አስቀደመ። አጠገቡ የተቀመጠው ወንድሙ መራቡን ያላየ ዓይን የመንፈስን ስጦታ አየሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ወደ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሲደርስ ጳውሎስ ስጦታዎቹን በተራ ይዘረዝራል። ሐዋርያትን፣ ነቢያትን፣ መምህራንን አስቀድሞ ተአምራት ማድረግንና ፈውስን ያስከትላል። ልሳን ላይ ከመድረሱ በፊት ግን ሁለት ነገር ያስገባል፦ ሰውን መርዳትንና ሥራ ማስተዳደርን። ለብቻቸው ነጥሎ፣ ከሌሎቹ አሳንሶ አይደለም ያስቀመጣቸው። በፈውስና በልሳን መካከል ናቸው፤ እንዲያውም ልሳን የመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው። ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከአእምሯችን ወድቀዋል። «እገሌ ጸጋ አለው» ስንል ማንን ማለታችን ነው? በኦርቶዶክሱ መንደር የሚያጠምቀውን፣ የተሰወረ ያያል የሚባለውን ባሕታዊ፣ ድምፁ እንደ መረዋ የሚያስተጋባውን ቀዳሽ ማለታችን ነው። በወንጌላውያኑ መንደር ትንቢት የሚናገረውን፣ እጁን ጭኖ የሚፈውሰውን፣ ዘማሪውን። የሰንበቴውን ሒሳብ ያለ አንድ ሳንቲም ጉድለት ዓመት ከዓመት የያዘውን ሰው «ጸጋ አለው» ብሎ የጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ታማኝ ነው እንላለን፤ ጎበዝ ነው እንላለን፤ ጸጋ ለሚለው ቃል ግን አናበቃውም።

እስቲ አንድ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እንዲቆም ምን ምን እንደሚያስፈልግ እናስብ። መገበሪያው ስንዴ እንክርዳዱ በጣት ተለቅሞ መፈጨት አለበት፤ ይህን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ስማቸው በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ የማይወጣ እናቶች ናቸው። ሌሊት በቤተ ልሔም ዲያቆኑ አቡክቶ ይጋግራል። ውኃ የሚቀዳ፣ ግቢ የሚጠርግ፣ ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ አልባሳቱን ከብል የሚጠብቅ ዕቃ ቤት አለ። ሰው ሲሞት ደግሞ በየሰፈሩ ገናዡ ይጠራል፤ የእድሩ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ወንበር ይደረድራል፤ ከሐዘንተኞቹ መካከል ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ማን እንደሆነ አይታ አጉርሳ የምትመለስ ሴት አትጠፋም። ይህች ሴት የምታየውን ሁሉም ሰው አያየውም። ማየቷ ስጦታ ነው። ከማን ተቀበለችው? ትንቢትን ከሚሰጠው ከዚያው ከአንዱ መንፈስ ነው እላለሁ፤ ጳውሎስም ከዚህ የተለየ ነገር አላስተማረም።

ትዕቢት ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከአጭር ዝርዝር ነው። ሦስትና አራት ስጦታ ብቻ ሲቆጠር ሁሉም ወደ እነዚያው ይጋፋል፤ የደረሰው ይታበያል፤ ያልደረሰው ባዶ እንደሆነ አምኖ ይቀመጣል። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱም የመንፈስን ቤት አጥብበዋል። ስለዚህ ትሕትናን ማሳደግ የሚፈልግ ክርስቲያን በመጀመሪያ ራሱን ከመውቀሱ በፊት ዝርዝሩን ወደ ሙሉነቱ ቢመልስ የሚሻል ይመስለኛል።

እኛ ኢትዮጵያውያን የትሕትና ቋንቋ ሞልቶ የተረፈን ሕዝብ ነን። «እኔ ምን አውቄ»፣ «እኔ ኃጢአተኛው»፣ «ከእናንተ ፊት መናገር ድፍረት ይሆንብኛል» እንላለን። ግብዣ ላይ ከበር አጠገብ ተቀምጠን ሦስት ጊዜ እስክንለመን እንጠብቃለን። ይህን ልማድ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ «ኖር!» ማለት፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ መመለሱ፣ ሰውነት ከልብ ቀድሞ ማጎንበስን የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ልብ ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ ግን ልማዱ ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ የትዕቢት መሸፈኛ ይሆናል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግብፅን ገዳማት ዞሮ ያየው ዮሐንስ ካሲያን ይህን የሚያሳይ ታሪክ ጽፎልናል። አንድ መነኩሴ አባ ሰራፕዮንን ሊጎበኝ ይመጣል። እንደ ልማዱ ጸልይ ሲባል፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፣ የምንኩስና ልብስም አይገባኝም ብሎ እምቢ ይላል። እግሩን ሊያጥቡት ሲሉም አይሆንም ይላል። ከተመገቡ በኋላ አባ ሰራፕዮን በለዘበ ቃል፣ ጤነኛና ጎልማሳ ስለሆንህ ከቦታ ቦታ ከመዞር በበዓትህ ተቀምጠህ በእጅህ ሥራ ብትተዳደር ይሻልሃል ይለዋል። መነኩሴው ይህን ሲሰማ ቅሬታውን መሸሸግ እስኪያቅተው ድረስ ፊቱ ተለዋወጠ። ሽማግሌውም አስተዋለ፤ ራሱን በኃጢአተኛነት ሲከስ የነበረ ሰው ትንሽ ምክር መሸከም ተስኖታል።

ይህ ታሪክ የሚያስፈራኝ ያ መነኩሴ ዋሽቷል ብዬ ስለማላስብ ነው። ኃጢአተኛ ነኝ ሲል ከልቡ ይሆናል። ነገር ግን ስለ ራስ ክፉ መናገርም ስለ ራስ መናገር ነው። ሰው ራሱን ሲያዋርድ የሚያወርድበትን ልክ የሚቆርጠው ራሱ ነው፤ ሌላው ሲያርመው ግን ልኩ ከእጁ ይወጣል። የትሕትና ፈተና የሚጀምረውም እዚያ ነው። እንዲያውም ከዚህ አንድ እርምጃ የሚያልፍ ሌላ ፈተና አለ። እርማትን ችሎ የሚቀበል፣ ስድብን ታግሦ የሚያልፍ ሰው እንኳ የሌላው ጸጋ ከእሱ በልጦ ሲታይ ሊወድቅ ይችላል። ትሕትና በዋናነት የሚመዘነው ስለ ራሳችን ስጦታ በምንናገረው አይደለም፤ የባልንጀራችን ስጦታ በተገለጠ ጊዜ ልባችን በሚሆነው ነው።

ለዚህ ከሊቀ ነቢያት ሙሴ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። በኦሪት ዘኍልቍ በምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደነበረ ተመስክሮለታል። ሲጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። በቁጥቋጦው ፊት ሲጠራ አንደበቴ ኮልታፋ ነው፣ ሌላ ላክ እያለ ተከራከረ፤ እግዚአብሔርም ተቆጣው። ያ እምቢታ ትሕትና ቢሆን ኖሮ ቁጣን ባላመጣ ነበር። «አልችልም» የሚለውና «ከእኔ በቀር የሚችል የለም» የሚለው ሁለቱም ዓይናቸው በራሳቸው ላይ ተተክሏል። የተሰጠን ነገር መካድ የሰጪውን ቃል መካድ ነው። የተማረ ሰው አላውቅም ብሎ ሲሸሽ የሚጎዳው ሊማር የመጣው ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ቆይቶ ሙሴን በምድረ በዳ እናገኘዋለን። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር ይመጣል። ዮቶር የምድያም ካህን ነው፤ ባሕር ሲከፈት በቦታው አልነበረም። አይቶም፣ ይህ አሠራርህ መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ፣ ሥራውን በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በዐሥር አለቆች ከፋፍለው አለው። ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር ሰው ሆኖ፣ ይህን ከላይ ይነገረኝ ነበር አላለም። አማቱን ሰማ፤ እንደተባለውም አደረገ። ጳውሎስ በፈውስና በልሳን መካከል ያስቀመጠው የማስተዳደር ስጦታ እዚህ ላይ በአንድ እንግዳ ሽማግሌ አፍ መጣ፤ ነቢዩም አወቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጣል። ሸክሙ ስለከበደው እግዚአብሔር በእርሱ ካለው መንፈስ ወስዶ በሰባ ሽማግሌዎች ላይ አሳደረ። ሁለቱ፣ ኤልዳድና ሞዳድ፣ ወደ ድንኳኑ ሳይወጡ በሰፈር ቀርተው ነበር፤ መንፈስ ግን እዚያው ባሉበት ወረደባቸውና ትንቢት ተናገሩ። ወሬ ነጋሪ ሮጦ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሙሴን ያገለገለው ኢያሱ፣ ጌታዬ ሆይ ከልክላቸው አለ። ኢያሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የመምህሩ ክብር እንዳይነካ ነው የቀናው። ሙሴ ግን ስለ እኔ ልትቀና ነውን ብሎ ጠየቀው፤ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ምኞቱ መሆኑንም ነገረው። ከእርሱ መንፈስ ተወስዶ ለሌሎች ሲሰጥ እርሱ አልጎደለበትም። ሥርዓቱን ያልጠበቁት ሁለቱ እንኳ ደስ አሰኙት እንጂ አላስከፉትም። ትሑት የተባለበትን ምክንያት ፈልጌ ከዚህ ቦታ የተሻለ አላገኘሁም።

ይህ ፈተና ወደ እኛ በትንንሹ ነው የሚመጣው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን መሪ አዲስ የመጣችው ልጅ ድምፅ ከሱ ድምፅ በላይ ሲወደድ ያያል። ለዓመታት ወንጌል ሲያስተምር የኖረ ሰባኪ ትናንት የተነሣ ወጣት ሲናገር ሕዝቡ እንባ በእንባ ሲሆን ይመለከታል። ሃያ ዓመት በጽዋ ማኅበሩ ወጥ የሠሩት እናት የሙሽራዋ ወጥ ሲመሰገን ይሰማሉ። በዚያች ደቂቃ ከአፍ የሚወጣው ምስጋና ነው፦ «ድምፅስ አላት፤ እግዚአብሔር ይጠብቃት እንጂ ብዙ ድምፀኛ አይተናል።» ጸሎት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ትንሽ መርዝ አለ። ይህን መርዝ በጊዜው ያላወቀ ሰው እየጾመና እየሰገደ ሊመረዝ ይችላል።

በገዳመ አስቄጥስ የኖረው ኢትዮጵያዊው ሙሴ ጸሊም የሌላውን ጥፋት በማየት ረገድ ያደረገውን ብዙዎች ያውቁታል። አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ቀዳዳ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ፤ የራሱ ኃጢአት እንዲሁ ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መጠራቱን ነገራቸው። ወንድማቸውን ይቅር አሉት። የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ብዙም አይታሰብም። ሰው ከኋላው የሚፈሰውን ኃጢአቱን እንደማያይ ሁሉ ከእጁ የሚያልፈውንም በረከት አያይም። ያች ሐዘንተኛውን የምታጎርሰው ሴት ጸጋ እንዳላት አታውቅም። የሚያውቅላትና የሚነግራት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የባልንጀራን ጸጋ አይቶ መንገር የፍቅር ሥራ ነው፤ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቀብር ቀን የሕይወት ታሪክ እናቆየዋለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስጦታ የቅድስና ምስክር ወረቀት አይደለም። ጌታ ዐሥራ ሁለቱን ድውይ እንዲፈውሱና አጋንንት እንዲያወጡ ሲልክ ይሁዳ ከእነርሱ ጋር ነበር። ቀያፋ በክርስቶስ ሞት ላይ እየተማከረ ሳለ ሳያውቀው ትንቢት ተናገረ። በለዓም ለገንዘብ ብሎ ተነሥቶ ያየው ራእይ እውነተኛ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ሰባተኛው ምዕራፍ ደግሞ በስሙ ትንቢት የተናገሩ፣ አጋንንት ያወጡ ሰዎች በመጨረሻው ቀን አላውቃችሁም ይባላሉ። ተአምራታችሁ ውሸት ነበር አልተባሉም። ይህ ሁሉ ተጽፎልን ሳለ ዛሬ አንድ ሰው ሕመምተኛ አዳነ ሲባል ስለ ኑሮው፣ ስለ ገንዘቡ፣ በሥሩ ስላሉት ሰዎች አያያዝ ምንም ሳንጠይቅ ነፍሳችንን እንሰጠዋለን። በካሜራ ፊት የሕመምተኛ ምስጢር ይዘረገፋል፤ ለጸሎት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ይህ በአንዱ ቤተ እምነት ብቻ ያለ አይደለም። የሰማርያው ሲሞን የመንፈስን ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ በጽኑ ቃል ገሥጾ መለሰው፤ እኛ ዛሬ ዋጋው ተነግሮን ወረፋ እንይዛለን። የታመመችን እናት የመጨረሻ ጥሪት በጸጋ ስም መቀበል ኃጢአት ነው፤ ለስላሳ ስም ሊሰጠው አይገባም።

ጸጋውን በትሕትና የያዘ ሰውም አለ። ገዳማዊው አባ መቃርስ ታላቅ ባለ ጸጋ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሲጸልይ፣ በእገሊት ከተማ ወዳሉ ሁለት ሴቶች ደረጃ ገና አልደረስህም የሚል ድምፅ ሰማ። ማልዶ በትሩን ይዞ ወጣ፤ ከተማዋ ደርሶ ቤቱን ፈልጎ አንኳኳ። ሴቶቹ ደንግጠው ተቀበሉት። ሥራችሁ ምንድን ነው ንገሩኝ አላቸው። እኛ ባለ ትዳሮች ነን፣ ምን ሥራ አለንና ትጠይቀናለህ አሉት። አጥብቆ ሲለምናቸው ተናገሩ፦ ሁለት ወንድማማቾች አግብተውን በአንድ ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አንዳችን ለአንዳችን ክፉ ቃል አልተናገርንም። ወደ ደናግል ገዳም ለመግባት ፈልገን ባሎቻችን እምቢ ስላሉን፣ እስክንሞት ክፉ ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ ተማማልን። መቃርስ ሰምቶ፣ እግዚአብሔር መንፈሱን ሲሰጥ ድንግል፣ ባለ ትዳር፣ መነኩሴ፣ ዓለማዊ ሳይል የልብን ፈቃድ እንደሚያይ መሰከረ።

በአንድ ግቢ ሁለት ምራቶች ዐሥራ አምስት ዓመት ያለ ክፉ ቃል! አንድ ማጀት፣ አንድ እንስራ፣ የልጆች ጠብ፣ የአማት ፊት ባለበት ቤት የኖረ ሰው ይህ ከሙት ማንሣት እንደማያንስ ያውቃል። ከሴቶቹ ባልተናነሰ የማደንቀው ግን ራሱ መቃርስን ነው። ከአንተ የሚበልጡ አሉ ሲባል አላዘነም፤ አልተጠራጠረም። በትሩን አንሥቶ ሊማር ሄደ። የነቢዩ የሙሴ ልብ ነው የነበረው።

ትሕትና ሌላም በር አለው፤ እሱም መቀበል ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ጴጥሮስ አይሆንም አለ። ይህን አክብሮት አድርገን ልናየው እንችላለን፤ ጌታ ግን ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም አለው። በጸሎተ ሐሙስ ጳጳሳትና ካህናት የወይራና የወይን ቅጠል በገባበት ውኃ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ሁላችንም የምናየው የሚያጎነብሰውን ነው። እግሩን የሚዘረጋውም ግን ቀላል ነገር እያደረገ አይደለም። ለሌላው መስጠት የለመደ ሰው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ሲቸግረው እጁን መዘርጋት ሞት ይሆንበታል። ልጆቼን አላስቸግርም ብለው ሕመማቸውን ደብቀው የሚሰቃዩ እናቶች አሉን፤ ፍቅር መሆኑ ሳይካድ፣ ልጆቹ የሚሰጡትን ስጦታ መከልከልም ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በር ለሊቃውንቷ ከልጅነት ከፍታዋለች። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረው ከድህነት የተነሣ ብቻ አልነበረም። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ይለምን ነበር። ነገ መሪጌታ ወይም አራት ዓይና መምህር ሲባል ዕውቀቱ ስማቸውን በማያውቃቸው ሴቶች ቁራሽ እንጀራ የተገነባ መሆኑን እንዳይረሳ ነው። በቅኔ ቤቱም የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል፤ በማግሥቱ ይመለሳል። ይህ የትምህርት ሥርዓት ብዙ የሚታረም ነገር እንዳለው አውቃለሁ፤ ሕፃናት በረኃብና በበሽታ ተጎድተውበታል፤ ያን አላወድስም። መቀበልን የሊቅነት መሠረት ማድረጉን ግን ሌላ የትም አላየሁትም።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ትሕትና ብዙ ጊዜ ወደ ታች ብቻ ይሰበካል። ባሏ ለሚመታት ሴት፣ ደመወዟ ለተያዘባት የቤት ሠራተኛ፣ መብቱን ለጠየቀ ዲያቆን «ትሕትና ይኑርህ፣ ትሕትና ይኑርሽ» ይባላል። ወንጌሉ እንዲህ አይልም። እግር በታጠበባት ሌሊት መታጠቢያውንና ፎጣውን ያነሣው መምህርና ጌታ የሚባለው ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የነገራቸውም ከሁሉ በላይ የነበረው ራሱን ዝቅ ማድረጉን ነው። መጎንበስ የሚጠበቅበት በቅድሚያ ከላይ ያለው ነው፤ ከታች ያለውን ይበልጥ ወደታች መጫን ግፍ ይባላል እንጂ ትሕትና አይባልም። ቤተሰብ ሰብስቦ ጸሎት የሚያደርስ አባወራ ምግቡን ያበሰለችውን ልጅ አብራ እንድትቀመጥ ካልጠራት፣ የቆሮንቶስ ማዕድ በቤቱ ተዘርግቷል።

የትሕትናን ልብ እንዴት ማሳደግ ይቻላል ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው፦ ትሕትናን ፊት ለፊት አሳድዶ የያዘ ሰው አላውቅም፤ ባልንጀራን ማየት ግን መልመድ ይቻላል። የምንቀናበትን ሰው በስሙ ጠርተን ጸጋውን እንዲያበዛለት መለመን ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናደርገው ምላስ ይይዛል፤ ቢይዝም እንቀጥል። ሥራችንን ለሌላ አስተምረን ከእኛ በተሻለ ሲሠራው አጠገቡ መቆም ይቻላል። ለንስሐ አባት ስንናገር ስንፍናችንንና ቁጣችንን ብቻ ሳይሆን የሰው መመስገን ያሳዘነንን ቀን ጨምረን መናገር ይቻላል። ምክር ሲሰጠን፣ ሰጪው ታናሽም ቢሆን፣ የአባ ሰራፕዮን እንግዳ የወደቀበትን ቦታ አስበን አፍታ ዝም ማለት ይቻላል። ሕመም ሲመጣ፣ ጎረቤት ሾርባ ይዛ ስትመጣ፣ ምን አደከመሽ ከማለት እግዜር ይስጥልኝ ብሎ መጠጣት ይቻላል።

አንባቢዬ ሆይ፣ በምታስቀድስበት ደብር የመገበሪያውን ስንዴ የሚለቅሙ እናት ማን እንደሆኑ ታውቃለህ? አምልኮህ በአዳራሽ ከሆነም ወንበሩን ማን እንደሚደረድር፣ መጸዳጃ ቤቱን ማን እንደሚያጥብ ጠይቀህ ታውቃለህ? በሚመጣው እሑድ ጠይቅ። አግኝተሃቸው የሚሠሩት ሥራ ጸጋ መሆኑን ንገራቸው። የክርስትና ስማቸውን ተቀበልና በጸሎትህ አስባቸው፤ አንተንም እንዲያስቡህ ስምህን ስጣቸው።